ባለ ቁልፉን ያስመለስኩት እኔ ነኝ

ከዚህ በታች ከምናገረው ውስጥ አንዲት ውሸት ከተገኘች፣ ከዛሬ ጀምሮ እስክሞት ድረስ ያለ ሳሙና፣ ያውም በቀዝቃዛ ውኃ፣ ያውም ነፋስ ላይ ቆሜ ልታጠብ። ከዚህ የባሰ መሐላ አለኝ የሚል ይምጣና ያስምለኝ። እኔ በስምንት ዓመቴ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና ሳይተኩ፣ አንድ ፋብሪካ ከነጭስ ማውጫው አንበርክኬአለሁ። ፋብሪካው የሳሙና ፋብሪካ ነበር። ጭስ ማውጫው ደመና ይነካል። ዝናብ ሲዘንብ ራሱ የሠፈራችን መንገድ አረፋ አረፋ ይል ነበር፤ ይህን ማመን ያቃተው ሰው ቀሪውን ባያነበው ይሻለዋል።

ሳሙናው «ባለ ቁልፉ» ይባላል። ሳሙና ነው ብዬ ባልፈው፣ ዝሆንን እንስሳ ነው ብሎ እንደ ማለፍ ይሆንብኛል። መልኩ የጠቆረ ማር፣ ክብደቱ ጡብ፣ ሆዱ ላይ ትልቅ ቁልፍ የታተመበት፣ ሰማያዊ ወረቀት የለበሰ። ሽታውን እስከ ዛሬ ልገልጸው ሞክሬ አልተሳካልኝም። ብቻ ንጹሕ አንሶላ ውስጥ ገብታችሁ እግራችሁን እስከ ጥግ የምትዘረጉባት ቅጽበት ሽታ ቢኖራት፣ እሱ ነው። አረፋውማ አይወራ! አንድ ቀን እናቴ ሳፋውን ረስታ ጎረቤት ስትጫወት፣ አረፋው ሞልቶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለሱቁ ደጃፍ ላይ ተገኘ። (ደረጃ እንኳን አልነበረንም። ቢኖረን ግን ይወርድ ነበር።)

እናቴ የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። የሆቴሉ የጠረጴዛ ልብስ፣ የሐኪሙ ነጭ ጋውን፣ የሳሙና ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሸሚዞች፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፋሉ። ግቢያችን ውስጥ አምስት ገመድ ተወጥሮ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቤታችን ሸራውን ዘርግቶ ሊሄድ የተነሣ መርከብ ይመስላል። አባቴ ደግሞ የዚያው ፋብሪካ ዋና ቀቃይ ነበር። ቤት በሚያክል ጋን ውስጥ ሞራውንና ኮስቲክ ሶዳውን የሚያፈላው፣ በመቅዘፊያ የሚያማስለው እሱ ነው። ሳሙናው መድረሱን የሚያውቀው በምላሱ ነበር። በእንጨት ጫፍ ትንሽ ያነሣል፣ ያበርደዋል፣ ምላሱን ነካ ያደርገዋል፤ ከነከሰው ገና ነው፣ ካልነከሰው ደርሷል። አባቴ በቀን ከሃያ ቃል በላይ የማይናገረው ሳሙናው ምላሱን ስለበላው ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው ዝምተኛ ሰው ነው፣ በቃ። በዚያ ላይ እኔ ባለሁበት ቤት የመናገር ተራ ማን ያገኛል?

እንግዲህ አባቴ የቀቀለውን እናቴ ታጥብበታለች። ፍቅራቸው በዚያ በኩል የሚመላለስ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ባለሱቁ ሰማያዊውን ትቶ የሚያብረቀርቅ ሮዝ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ላይ ጥርሷን ያሳየች ሴት አለች፤ ከሥሯ «አዲሱና የተሻሻለው ባለ ቁልፉ» ይላል።

«ማን አሻሽሉልን አላቸው?» አለች እናቴ ገና ሳትነካው።

«እኔ ምን አውቄ፣ የኔ እመቤት» አለ ባለሱቁ። «የመጣልኝን ነው የምሸጠው። ደግሞ ሲያዩት ያምራል።»

«ላየው ነው እንዴ የምገዛው?»

ቤት ወስዳ ወረቀቱን ገፈፈችው። ውስጡ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ ያላበው ነገር ነው። አሸተተችና እትዬን ጠራቻት። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ በቁም ነገር ደግሞ በሃምሳ።

«ነይ እስቲ አሽቺልኝ።»

«ከረሜላ ከረሜላ ይላል» አለች እትዬ።

«ልታጠብበት ነው ወይስ ልልሰው?»

የሐኪሙን ጋውን ዘፍዝፋ ማሸት ጀመረች። አሸች፣ አሸች፣ አሸች። አረፋ ሁለት ወጣ። ሁለት ስል ሁለት ነው፣ ቆጥሬአለሁ፤ አንዱ ደግሞ ወዲያው ፈነዳ። ልብሱ ሲደርቅ ኮሌታው ላይ ሻይ የተደፋበት የመሰለ ቀለበት ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ጋውኑን መልሶ ላከው። «እናቴ፣ እጅሽ ደከመ እንዴ?» ይላል መልእክቱ።

እናቴ ያን መልእክት አንብባ ቁጭ አለች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ የሰው ዕቃ እንደሚታይ ታያቸው ጀመር። እናቴ ቁጭ ስትል አይቼ አላውቅም ነበር። ሆቴሉም ሊከተል ነው፤ በሠፈሩ ውስጥ «እጇ ያነጣል» የሚባለው ስሟ ከሄደ የቀረው ሁሉ ይሄዳል። ይህን ያኔም ገብቶኛል። ብልህ ልጅ ነበርኩ፤ የሠፈሩ ሰዎች ዳኛ ሲያጡ እኔን ያማክሩኝ ነበር።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«እንኳን መጣህ። ይሄን ማነው የቀቀለው?»

«እኔ።»

«ሞራው የት ሄደ?»

«አለ።»

«የት ነው ያለው?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። አፈታቱ በጣም ረዘመ። «ሳሙናው ያው ነው» አለ ለጫማው። «የተለወጠው ወረቀቱ ነው።»

«እጄ ውስጥ እኮ ነው ያለው! እኔን ዋሸኝ፣ ግድ የለም። እጄን ግን አትዋሸው።»

አባቴ ወደ ሁለተኛው ጫማ ተሻገረ። እናቴም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እሱን ማናገር አቆመች።

ያኔ የገባኝ፣ አባቴ አዲሱን ሳሙና ከእናቴ አስበልጦ መውደዱ ነው። ሮዝ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ሴትዮ ራሷን ጠርጥሬአታለሁ። ነገሩ ሌላ እንደ ነበር የሰማሁት ካገባሁ በኋላ ነው። ፋብሪካው ሞራውን አስወጥቶ አንድ ርካሽ ዘይት ሲያስገባ አባቴ ገና በመጀመሪያው ቀን «ይሄ አረፋ አያወጣም» ብሎ ነበር፤ «ያንተ ሥራ ማማሰል ነው» ተባለ። ነገሩን ወደ ውጭ ያወጣ ቀቃይ ደግሞ በማግስቱ እንዳይመጣ ለሁሉም ተነግሯቸዋል። ሃያ ቃል የሚናገር ሰው አሥራ ዘጠኙን ዋጠ ማለት ነው።

በቤቱ ውስጥ ፖስተኛ የሆንኩት እኔ ነኝ።

«ለአባትሽ ምሳው ቀርቧል በይው» ትለኛለች እናቴ፣ አባቴ ከአጠገቧ ቆሞ።

ዞር እልና፣ «አባዬ፣ ምሳው ቀርቧል። ካልበላህ ለውሻ ይሰጣል ተብሏል።»

«ብዙም አልራበኝም በያት።»

«እማዬ፣ ያንቺ ምግብ ካሁን ወዲያ አይወርድልኝም አለ።»

እትዬ ክንዴን ይዛ ጥግ ወሰደችኝ። «አንቺ ከበሮ! የተላክሽውን ብቻ አትናገሪም?»

«አጭር ነበር እኮ።»

«አጭር ከሆነ በአጭሩ ተናገሪዋ!»

እውነት እላችኋለሁ፣ ሁለቱም በሙሉ ጆሯቸው የሌላውን ድምፅ ይሰሙ ስለ ነበር የኔ ጭማሪ ጉዳት አላደረሰም። ይህን የምለው ለራሴ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ እየነገርኩት አንዳንድ ቀን ያምነኛል።

ከዚያ አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጣች። እኔ አንሶላ ሥር ተደብቄ ወሬ እየሰማሁ ነው። ልብስ ሰፊዋ አፏ ውስጥ መርፌ ስለምትይዝ ቃሏን ግማሽ በግማሽ ነው የምታወጣው።

«እኔ አንቺን ብሆን» አለች፣ «ዕቃዬን ሰብስቤ እህቴ ዘንድ እሄድ ነበር።»

«እኔስ እሱን እያሰብኩ አይደል» አለች እናቴ። «እስከ መቼ እንዲህ ይሆናል?»

«እዚያ ይሻልሻል። ልጆቹም ይለምዱታል።»

አንሶላው ውስጥ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ አባቴን ጥላ ልትሄድ ነው! አሁን እንደማውቀው የሚያወሩት ስለ ውኃ ነበር። የአክስታችን ቤት ውኃ ለስላሳ ስለ ሆነ፣ ሳፋዋን ወስዳ እዚያ ብታጥብ ያ የማይረባ ሳሙና ትንሽ አረፋ ይሰጣት እንደሆነ ነው። ያኔ ግን ስለ ውኃ ለስላሳነት ማን ነገረኝ? እኔ የሰማሁት ዕቃ፣ መሄድ፣ ልጆቹ። ቤቴ ከነገመዱ፣ ከነመርከቡ፣ ሊሰጥም ነው።

ሌላ ልጅ ቢሆን ያለቅሳል። እኔ ዕቅድ አወጣሁ።

እናቴ ከድሮው ባለ ቁልፉ አንድ ፍሬ አስቀርታ ነበር። ካልሲ ውስጥ ከትታ፣ ቁም ሣጥኑ ሥር፣ ከሹራቦቹ በታች ደብቃዋለች። አልፎ አልፎ ሄዳ የምታሸተው እሱን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያ ስትሄድ ካልሲውን አወጣሁ፤ ከሥራ አስኪያጁ ሸሚዞች አንዱን፣ በጣም ነጩን፣ ሳብኩ። በአዝራሮቹ መስመር ለሁለት ከፍዬ ቀኙን በድሮው፣ ግራውን በአዲሱ አጠብኩት። ቀኙ ላይ የወጣው አረፋ እስከ አገጬ ደረሰ። ከአረፋው ውስጥ ራሴን ሳወጣ እትዬ ከላዬ ቆማለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሳይንስ።»

ሳፋውን አየች፣ ካልሲውን አየች፣ የማን ሸሚዝ እንደሆነ አየች። ፊቷ እንደ ሸሚዙ ነጣ። «እማዬ ትገድልሻለች። ከዚያ እኔን ትገድላለች፣ ስላላስጣልኩሽ።»

«አይ፣ ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ያሸተዋል፣ ያለቅሳል፣ ሳሙናውን ይመልሳል። ከዚያ እማዬ አትሄድም።»

«የት ነው የምትሄደው?»

ሁሉን ነገርኳት። እትዬ ሳፋው አጠገብ በርከክ አለች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና፣ «ስትጨምቂ እንዲህ አትጠምዝዢው፣ ይጨማደዳል» አለች።

ሰኞ ቅርጫቱን ለሁለት ይዘን ሄድን። ታሪኩ እዚህ ላይ ስለሚከብድ ተቀመጡ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የስልክ እንጨት የሚያክል ጠመንጃ ይዟል። (ዱላ ነበር። ግን አያያዙ!) አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት፤ መንገድ ለቀቀልኝ። አርባ ክፍል አለፍን። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ምንጣፍ እስከ ጉልበቴ ይውጠኛል። ጠረጴዛው ከመርዘሙ የተነሣ በዚያኛው ጫፍ ስልክ ሲጮህ በዚህኛው አይሰማም። ሰውዬው ሲነሣ ራሱ ከአምፖሉ ጋር ተጋጨ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሠርግ ላይ አግኝቼው ትከሻዬ ድረስ ነበር የሚደርሰው፤ ሰው ሲያረጅ መቼም ያጥራል።

ሸሚዙን ከቅርጫቱ አውጥቼ ፊቱ ላይ ዘረጋሁት።

«ጌታዬ፣ በቀኝ በኩል ያሽትቱ!»

አሸተተ።

«አሁን ደግሞ በግራ!»

አሸተተ። ቅንድቦቹ ተገናኙ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ቀኙ እናቴ ናት፣ ግራው እርስዎ ነዎት!» አልኩት። «የእናቴን እጅ ደከመ አስባላችሁት። አባቴ ጎበዝ ቀቃይ ነው፤ የማይሆን ነገር ሰጥታችሁት ነው። አሁን እማዬ ዕቃዋን ሰብስባ ልትሄድ ነው። አባዬን ማን ያናግረዋል? እኔ ብቻዬን አልችልም፣ ይደክመኛል! እባክዎ ድሮ የነበረውን ይመልሱልን።»

እዚህ ላይ አላለቀስኩም። ዓይኔ ውስጥ የገባው እንፋሎት ነው።

ሰውዬው ግን አለቀሰ። በቀኙ እጅጌ እንባውን፣ በግራው አፍንጫውን ጠረገ፤ ሰው በጭንቅ ጊዜም ምርጫውን ያውቃል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ገመድ ሲስበው የፋብሪካው ፊሽካ ጮኸ። ሠራተኛው ሁሉ እየተንጋጋ ወጣ። ሺህ ሰው፣ ሁለት ሺህ ሰው፣ ሁሉም እኔን ያያል። «ባለ ቁልፉ ይመለስ!» ብሎ ሥራ አስኪያጁ በመስኮት ጮኸ። ጭብጨባው ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ እስከ ሐሙስ አልወጣም። እትዬ ከጎኔ ቆማ እጄን ይዛ ነበር፤ በጣም አጥብቃ ነው የያዘችኝ፣ በኩራት ይመስለኛል።

ከዚያ አሥር ቀን ምንም የለም። ልጅ ለሆነ ሰው አሥር ቀን አንድ ዘመን ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለስ ካርቶን ተሸክሟል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አሥራ ሁለት ባለ ቁልፉ፣ ሰማያዊ ወረቀታቸውን እንደ ለበሱ!

እናቴ አንዱን ገልጣ አሸተተችው። ወደ ሳፋው ሄደች፤ ሁላችንም ተከተልናት። ውኃ ውስጥ ነከረችው፣ መዳፎቿን አሸች። አረፋው ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚቆም አረፋ ሆኖ በጣቶቿ መሐል ተነሣ። እጆቿን ወደ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አባቴን አየችው፤ ከእሱ አልፋ እትዬን አየቻት፤ በመጨረሻ እኔን አየችኝ፣ እኔን ስታይ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ባለ ታሪክ ልጅ ያላት እናት እንዴት እንደምታይ ያየሁት ያኔ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለች። በቀጥታ! ያለ ፖስተኛ!

«አቤት።»

«ይሄስ ነክሶሃል?»

«አልነከሰኝም።»

«ምላስህን አሳየኝ።»

አባቴ፣ ያ ኮስታራ ሰው፣ ሁለት ልጆቹ ፊት ምላሱን አወጣ። እናቴ ባለ አረፋ እጇን አፍንጫው ላይ አሳረፈችበት። ከዚያ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ እትዬም ሳቀች፤ ሳፋው ተገለበጠ፤ አረፋው መንገዱን ተሻገረ። ይሄኛው እውነት ነው፣ ደረጃ ስላላስፈለገው።

የሐኪሙ ጋውን ነጭ ሆኖ ሄደ። ሐኪሙም በእግሩ መጥቶ «እጅሽ ይባረክ» አላት። ቤታችን ባለ ቁልፉ ጠፍቶ አያውቅም። እሁድ እሁድም እናቴ እኔን ብቻ ይዛ ባቡር ልታሳየኝ ትወጣ ጀመር፤ ያ ደግሞ ሽልማቴ ነው። የሠፈሩ ሱቆች ግን ለብዙ ዓመት ሮዙን ብቻ ነበር የሚሸጡት፤ ፋብሪካው ለውለታዬ የድሮውን ለእኛ ቤት ብቻ ሊሰጥ ወስኖ ነው፣ ያው እንደ ሜዳልያ። ልብስ ሰፊዋ «ከየት እያመጣሽው ነው?» ብላ ስትጠይቅ እናቴ «የቆየ ነው» ትላታለች። የኔን ጀግንነት ላለማውራት ነው፤ ሰው ዓይን እንዳያስገባብኝ።

ታሪኩ ይኸው ነው። ትናንት ጽፌ እንደ ጨረስኩ እትዬ ቤት ሄጄ አነበብኩላት፤ ሥሩ ላይ «እውነት ነው» ብላ እንድትፈርምልኝ። የልጅ ልጆቿን ልብስ እያጠፈች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ብዕሩን አቀበልኳት። አልተቀበለችኝም።

«ሥራ አስኪያጁ ያን ቀን አልነበረም» አለች።

«እንዴት አልነበረም?»

«ከበሩ አላለፍንም። ጥበቃው ቅርጫቱን ተቀበለንና ሂዱ አለን። ያን ሁሉ ንግግር ያደረግሽው ለጥበቃው ነው።»

«ፊሽካውስ?»

«የምሳ ሰዓት ነበር።»

«ሸሚዙስ? ቀኝና ግራው?»

«እማዬ እሁድ ጠዋት ከገመድ ላይ አውርዳ ሙሉውን ደግማ አጥባዋለች። ምንም አትበያት ብላኝ ነው።» አንድ ትንሽ ሱሪ አጥፋ ሌላው ላይ ደረበች። «የቀቃዮቹ መስኮት ከጥበቃው ቤት በላይ ነበር። አባዬ እዚያ ቆሟል። አንቺ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ እማዬ ልትሄድ ነው እያልሽ ስታለቅሺ ሁሉን ሰማ።»

ዝም አልኩ። መዝግቡልኝ።

«ፋብሪካው ሳሙናውን መልሶት አያውቅም» አለች እትዬ ቀስ ብላ። «በሚቀጥለው እሁድ አባዬ ራሱ ግቢያችን ውስጥ ጥዶ ቀቀለው። እኔ አማሰልኩለት። የድሮውን ማኅተም ከተጣለበት አንስቶት ነበር፤ ወረቀቱም መጋዘን ውስጥ ተርፎ ሊቃጠል ነበር፣ ይዞት መጣ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ሮዙን ይቀቅላል፣ እሁድ እቤት ያኛውን። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እንዲሁ ነበር።»

«እማዬስ?» አልኩ። «እማዬ ታውቅ ነበር?»

እትዬ የመጨረሻውን ሸሚዝ ኮሌታውን በመዳፏ አስተካከለችው።

«እሁድ እሁድ አንቺን ይዛ ባቡር ልታሳይሽ የምትወጣው ለምን መሰለሽ?»